ምዕራፍ ሰባት፦ ሳይሞት ያረጀ ሕዋስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ፣ ወይም በጎሬና በማሻ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ደጋውን አልፎ፣ ጫካውን ሰንጥቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደ ተቆረቆረችው ቴፒ ሲደርስ፣ ከሰዉ ሰላምታ አስቀድሞ የአየሩ ወበቅና የዛፉ ጥላ ይቀበለዋል። አገሩ የቡና አገር ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማው፣ በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣው ቁንዶ በርበሬ፣ ሁሉም በየመዓርጉ ተደራርቦ ይበቅላል። ስለ ሕይወትና ስለ እርጅና ለመመራመር የሚሻ ሰው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ከነዚህ ማሳዎች ወደ አንዱ ቢገባ ብዙ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

በአንድ የበጋ ማለዳ፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ የቡና ገበሬ ከማሳቸው ዳር አቁመው አንድ ዛፍ አሳዩኝ። ቅርንጫፎቹ ረዝመው ወደ መሬት ዘንበል ብለዋል፤ መካከላቸው ራቁቱን ቀርቶ ቅጠል የሚታየው ከጫፍ ከጫፋቸው ላይ ብቻ ነው፤ ግንዱንም የዛፍ ሽበት የምንለው ግራጫ ነገር ወርሶታል። «ሞቷል ማለት ነው፣ አባቴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኧረ ምን ሞተ ልጄ፤ ደከመው እንጂ። እንጎነድለዋለን» አሉኝ። መጋዝ ይዞ የቆመው ልጃቸው ተንበርክኮ ግንዱን ከመሬት ክንድ በማይሞላ ከፍታ ላይ፣ ዝናም እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ ቆረጠው። ከቅርፊቱ ውስጥ የታየው እንጨት ነጣ ያለ፣ እርጥብ፣ ገና ሕይወት ያለበት ነበር። ዝናሙ ሲመለስ ከዚያ ጉቶ ዙሪያ ብዙ ቡቃያ እንደሚፈነዳ፣ ከመካከሉም ብርቱ ብርቱው ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ተመርጦ የቀረው እንደሚነቀል፣ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ያው ሽማግሌ ዛፍ እንደ ጎረምሳ እንደሚያፈራ ነገሩኝ።

ጉንደላ የሚባለው ይህ ሥራ የሚሳካበት ምክንያት በቅርፊቱ ሥር ለብዙ ዓመታት ተኝተው የሚቆዩ፣ የመከፋፈል ኃይላቸውን ያልጨረሱ እንቡጦች መኖራቸው ነው። ዕፅ በዚህ ረገድ ከእኛ የተለየ ባሕርይ አለው፤ አካሉ ቢያረጅ እንኳ ከአካሉ ውስጥ የማያረጅ ክፍል ያስቀምጣል። ሰው ግን አይጎነደልም። ከ30 ትሪሊዮን በላይ የሚሆኑት የአካላችን ሕዋሳት አብዛኞቹ የተወሰነ የሥራ ዘመን ተሰጥቷቸው፣ ያን ዘመን ሲጨርሱ ወይ ይሞታሉ፣ ወይም ደግሞ ሳይሞቱ መከፋፈልን ለዘለዓለም ትተው ባሉበት ይቀመጣሉ። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ዕጣ ነው፤ የሳይንስ ሰዎች የሕዋስ እርጅና ይሉታል፤ እኔ ግን የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ለሰው የመጨረሻ ዘመን ይጠቀሙበት በነበረው ቃል እርስና ብዬ እጠራዋለሁ፤ ቃሉ ድካምን ብቻ ሳይሆን ክብርንም ያመለክታልና።

ሕዋስ ያረጃል ብሎ መናገር በአንድ ዘመን ድፍረት ነበር። አሌክሲስ ካረል የተባለው ፈረንሳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ የኖቤል ተሸላሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ዮርክ ከጫጩት ልብ የወሰደውን ሥጋ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እየቀለበ ማሳደግ ጀመረ፤ ሕዋሳቱም ከእርሱ ሞት በኋላ ሳይቀር እስከ 1946 ድረስ ሲባዙ ኖሩ ተባለ። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ ሁሉ «ሕዋስ ራሱ አይሞትም፤ የሚሞተው የሕዋሳቱ ማኅበር የሆነው አካል ነው» ብለው አመኑ። ዛሬ እንደሚታመነው ግን ለእነዚያ ሕዋሳት ቀለብ ተብሎ ከጫጩት ሽል የሚጨመቀው ፈሳሽ አዳዲስ ሕዋሳትን ይዞ ይገባ ነበር፤ አሮጌው ሲያልቅ አዲሱ ይተካ ነበር ማለት ነው።

ይህን እምነት ያፈረሰው በፊላዴልፊያ ከተማ በዊስታር ተቋም ይሠራ የነበረ ሊዮናርድ ሄይፍሊክ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው። ከሰው ሽል የተወሰዱ ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ ምግቡም ንጽሕናውም ሳይጓደልባቸው እየዘገዩ ሄደው ሲቆሙ ባየ ጊዜ፣ ጥፋቱን በገዛ እጁ ሥራ ላይ ከማሳበብ ይልቅ ነገሩን በጥንቃቄ ፈተነው። ከፖል ሙርሄድ ጋር ሆኖ 40 ጊዜ ያህል የተከፋፈሉ የወንድ ሕዋሳትን 10 ጊዜ ያህል ብቻ ከተከፋፈሉ የሴት ሕዋሳት ጋር በአንድ ዕቃ ደባለቀ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢመለከት የቀሩት የሴቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ምግብ፣ በአንድ አየር ውስጥ እየኖሩ አሮጌዎቹ ቆመው ወጣቶቹ ከቀጠሉ፣ ጉድለቱ ከውጭ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ቆጠራው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ነው። እንዲያውም ሕዋሳቱን በበረዶ አቆይቶ ሲያቀልጣቸው ካቆሙበት ቁጥር ጀምረው ቀጠሉ እንጂ ቆጠራቸውን አልረሱም። ጽሑፉን በመጀመሪያ የላከለት መጽሔት አልቀበልም ብሎ መለሰለት፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ግን በሌላ መጽሔት ታተመ፤ የዚያ ቁጥር ስምም እስከ ዛሬ የሄይፍሊክ ወሰን ይባላል።

ሕዋሱ የሚቆጥረው በምንድን ነው? መልሱን ለማስረዳት ከአገራችን የብራና መጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሲያሰምር በአራቱም ማዕዘን ሰፊ ኅዳግ ይተዋል። መጽሐፉ በዘመናት ውስጥ ሲቀደድና እንደገና ሲጠረዝ፣ ጠራዡ ጠርዙን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይከረክመዋል፤ ኅዳጉ ሰፊ እስከ ሆነ ድረስም ቃሉ አይነካም። የዘር ጽሕፈታችንን የያዙት ክሮሞሶሞችም በየጫፋቸው እንዲህ ያለ ኅዳግ አላቸው፤ ቴሎሜር ይባላል፤ በሰው ዘንድ ስድስት ፊደል ያላት አንዲት ቃል በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተደጋግማ የተጻፈችበት ነው። ሕዋስ ለመከፋፈል የዘር ጽሕፈቱን በገለበጠ ቍጥር ግልባጩ እስከ ጫፍ ስለማይደርስ ኅዳጉ በየጊዜው ያጥራል። ይህ መሆን እንዳለበት በቅድሚያ በሐሳብ የደረሰበት አሌክሴይ ኦሎቭኒኮቭ የተባለ የሞስኮ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፎት ነበር። ኤሊዛቤት ብላክበርንና ጃክ ሾስታክ የኅዳጉን ምሥጢር፣ ብላክበርንና ደቀ መዝሙርዋ ካሮል ግራይደር ደግሞ ኅዳጉን መልሶ የሚያረዝመውን ቴሎሜሬዝ የተባለ ሠራተኛ ፕሮቲን ስላገኙ፣ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኅዳጉ አልቆ ቃሉ ሊነካ ሲደርስ፣ በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ጠባቂዎች ነገሩን እንደ ጉዳት ይቆጥሩታል። ከጠባቂዎቹ ዋነኞቹ ፒ53፣ ፒ16ና አር.ቢ. የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። እነርሱም የመከፋፈሉን በር ይዘጋሉ፤ ሕዋሱም ያረጃል። ያን ጊዜ በአጉሊ መነጽር ቢታይ፣ ሊጥ በምጣድ ላይ ሲፈስ እንደሚንጣለል ተንጣሎ፣ ከወጣቱ ሕዋስ እጅግ ሰፍቶ ይገኛል፤ ጁዲት ካምፒሲና ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ1995 ባስተዋወቁት የማቅለሚያ ዘዴ ሲነከርም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ግን አይወልድም።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ተፈጥሮ ይህን ያህል ጥበብ አውጥታ ጤነኛ ሕዋስ እንዲያረጅ ማድረግዋ ለምንድን ነው? ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የካንሰር ነገር የሚገባው ከዚህ ነው። አባቶቻችን ነቀርሳ ብለው የሚጠሩት ይህ ደዌ በባሕርዩ ሲታይ ወሰኑን የዘነጋ፣ ቁም ሲባል የማይቆም ሕዋስ ልጆች ክምችት ነው። እንግዲያው እርስና፣ ሊያብድ የተቃረበ ሕዋስ ከማበዱ በፊት የሚታሰርበት ሰንሰለት ነው። ማኑኤል ሴራኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ራስ የተባለውን፣ ሕዋስን ወደ ነቀርሳ የሚገፋውን የዘር ክፍል ወደ ጤነኛ ሕዋስ ቢያስገቡ፣ ሕዋሱ እንደ ተጠበቀው ያለ ልክ በመራባት ፋንታ ገና በወጣትነቱ አረጀና ቆመ። ይህም በቤተ ሙከራ ብቻ የሚታይ አይደለም። በገላችን ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ማርያም የሳመችው ነው እንላለን፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በኔዘርላንድ የተሠራ ምርምር እንዳሳየው፣ ከእነዚህ ነጥቦች ብዙዎቹ አንድ ቀን ወደ ነቀርሳ የሚገፋ ስሕተት በዘር ጽሕፈታቸው ላይ ወድቆባቸው ጥቂት ከተባዙ በኋላ በእርስና የታሰሩ ሕዋሳት ናቸው። ዕድሜያችንን ሙሉ በክንዳችን ላይ ይዘነው የምንዞረው ያ ነጥብ ሳይፈጸም የቀረ ጥፋት መታሰቢያ ነው ማለት ነው።

ሰንሰለቱ ሲቆረጥ የሚሆነውን ለማየት ግን ከሁሉ ይልቅ የማሕፀን በር ካንሰርን መመልከት ይገባል፤ እኔም በዚህ ምዕራፍ ልቆይበት የምፈልገው ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ነቀርሳ እርሱ ነው። የደዌው ምክንያት ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሐውዘን ነው፤ በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. 16ኛና 18ኛ የሚባሉትን ዓይነቶች ለይቶ አወጣ፤ በ2008ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከማሕፀን በር ነቀርሳ ከመቶው 70 ያህሉ የሚመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ነው። ቫይረሱ የራሱ መራቢያ መሣሪያ ስለሌለው የሚራባው በሚከፋፈል ሕዋስ መሣሪያ ነው፤ የማሕፀን በር ሽፋን ሕዋሳት ደግሞ ጊዜያቸው ሲደርስ መከፋፈልን ይተዋሉ። ስለዚህ ቫይረሱ ሁለት ፕሮቲኖችን ያዘጋጃል፤ ኢ6 የተባለው ፒ53ን ያጠፋል፣ ኅዳግ የሚያረዝመውንም ቴሎሜሬዝ ይቀሰቅሳል፤ ኢ7 የተባለው አር.ቢ.ን ያሰናክላል። አንድ ሌባ ወደ ግቢ ለመግባት አስቀድሞ ሁለቱን ዘበኞች እንደሚያስወግድ፣ ይህ ቫይረስም ሁለቱን የእርስና ጠባቂዎች ለይቶ ያስወግዳል። አብዛኛውን ጊዜ የአካላችን መከላከያ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ያባርረዋል፤ ከቀረ ግን፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት በሚፈጅ ዝግታ ሕዋሱን ወደ ነቀርሳ ያደርሰዋል።

የዚህ ነገር እጅግ የሚያስደንቀው ምስክር ከአንዲት ድሃ እናት አካል የተገኘ ነው። ሄንሪየታ ላክስ የተባለች የአምስት ልጆች እናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለማሕፀን በር ካንሰር ስትታከም፣ ፈቃድዋ ሳይጠየቅ ከዕጢዋ ቁራጭ ተወሰደ። እርስዋ በዚያው ዓመት በ31 ዓመትዋ ዐረፈች፤ ሕዋሳትዋ ግን ሄላ ተብለው የሄይፍሊክን ወሰን አልፈው እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ቤተ ሙከራዎች ይራባሉ። በውስጣቸው ያለው 18ኛው ዓይነት ቫይረስ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የዳንኤል ዲማዮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ሥራ፣ ኢ6ንና ኢ7ን ዝም የሚያሰኝ አንድ ፕሮቲን ወደነዚህ ሕዋሳት አስገባ። ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል ያላቋረጡት ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆሙ፤ ተንጣለሉ፤ አረጁ። ሰንሰለቱ ተቆርጦ ወድቆ ኖሮ አልጠፋም ነበር፤ የሚያነሣው እጅ ብቻ ነበር የጎደለው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆይቻለሁ። እርስና ለሰው ልጅ ምሕረት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅምና።

ምሕረቱ ግን ዋጋ አለው። ወደ ቴፒ ማሳ እንመለስ። የቡና ገበሬ ጫካ መንጥሮ ቡና ሲተክል፣ የትልቁን ዛፍ ጉቶ በመሬት ውስጥ ከተወው፣ አርሚላሪያ የተባለው ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ጉቶውን ቤት አድርጎ ይቀመጥና ከዚያ ተነሥቶ የጎረቤቱን ቡና ሥር ይይዛል። የጉቶው ዛፍ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚጎዳው ግን ሕያዋኑን ነው። ያረጀ ሕዋስም እንደዚሁ ነው። ካምፒሲና ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ መከፋፈሉን ያቆመው ሕዋስ አፉን አይዘጋም፤ እብጠት የሚቀሰቅሱ፣ በዙሪያው ያለውን የሥጋ ማያያዣ የሚያሟሙ፣ ጎረቤቱንም ለእርስና የሚዳርጉ ብዙ ንጥረ ነገሮችን ያለማቋረጥ ይረጫል። በወጣትነት ይህ ጩኸት ጥቅም አለው፤ ቍስል ሲሽር ያግዛል፣ የደም ወታደሮችንም ጠርቶ «ኑና አንሡኝ» ይላል፤ እነርሱም መጥተው ያነሡታል። ሰውየው እየሸመገለ ሲሄድ ግን የሚያረጁት ሕዋሳት ይበዛሉ፣ አንሺዎቹም ይደክማሉ፤ ጉቶው በየማሳው ይከማቻል። ከጉልበት ሕመም፣ ከሳንባ መድረቅ፣ ከደም ሥር መጠንከር ጋር የሚያያዘው ይህ ክምችት ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ ያ የማያቋርጥ እብጠት በአጠገቡ ላለ፣ ስሕተት ለተሸከመ ሕዋስ ማዳበሪያ ሊሆነው ይችላል፤ ከነቀርሳ ሊጠብቀን የቆመው ዘበኛ በእርጅናው ለነቀርሳ በር ይከፍታል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሄይፍሊክ ሕዋሳቱን ከመቍጠሩ በፊት፣ በወጣትነት የሚጠቅም ነገር በእርጅና ቢጎዳ እንኳ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል፤ ልጅ የሚወለደው በወጣትነት ነውና፤ ብሎ ጽፎ ነበር። እርስና ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ይመስለኛል።

እንግዲያስ ጉቶውን ነቅሎ መጣል ይቻላል? በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የያን ቫን ዱርሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ፒ16 የበዛባቸውን ያረጁ ሕዋሳት ለይቶ የሚያጠፋ ዘዴ ቶሎ በሚያረጁ አይጦች ላይ ሞከረ፤ ጡንቻቸው ሳይከሳ፣ ዓይናቸው ሳይጋረድ ቆየ። በ2016 ደግሞ በተፈጥሮ በሚያረጁ አይጦች ላይ ሲሞከር፣ መካከለኛ ዕድሜያቸው ከመቶ 24 እስከ 27 ያህል ረዘመ፤ ዕጢም ዘግይቶ ታየባቸው። ጄምስ ኪርክላንድና ባልደረቦቹም በ2015 ዳሳቲኒብ የተባለውን የደም ካንሰር መድኃኒትና በቀይ ሽንኩርት ውስጥ የሚገኘውን ኳርሰቲን አንድ ላይ ቢሰጡ ያረጁ ሕዋሳት እንደሚቀንሱ አሳዩ። አንባቢዬ ከዚህ ተነሥቶ ሽንኩርት ወደ መብላት ወይም በገበያ የሚሸጥ የወጣትነት ክኒን ወደ መግዛት እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። አይጥ ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ገና ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ነቀርሳን የሚያስር ሰንሰለት ከሚነካ መድኃኒት ጋር መቸኮል ደግሞ ከሌላው ሁሉ የበለጠ አደገኛ ነው። የካንሰር መድኃኒቶችና ጨረር ራሳቸው ብዙውን የዕጢ ሕዋስ የሚያቆሙት በማስረጀት ጭምር ነው፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ድካምም በከፊል ከዚያ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች አሁን የሚያስቡት በሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ ዕጢውን ማስረጀት፣ ቀጥሎ ያረጀውን ማንሣት። ገበሬው ከጎነደለ በኋላ የደረቀውን ጉቶ ለይቶ እንደሚነቅል ማለት ነው።

እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዕድሜ ማራዘሚያ ተስፋው የሚያስደስተኝን ያህል አንድ ሌላ ሐሳብ ያሳዝነኛል። ዓለም ያረጀውን ሕዋስ ለማንሣት በሚደክምበት በዚህ ዘመን፣ በእኛ አገር ብዙ እናቶች የሚሞቱት ሰንሰለቱ ገና በወጣትነታቸው ስለ ተቆረጠባቸው ነው። ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ከቴፒ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደዚያ የሚደርሱትም አብዛኞቹ ደዌው ከሥር ከሰደደ በኋላ ነው። መንገዱን ግን አስቀድሞ መዝጋት ይቻላል። ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ የሚሠራውም ቫይረሱ ሕዋሱ ውስጥ ሳይገባ፣ ኢ6 እና ኢ7 ጠባቂዎቹን ሳያገኙ ነው። ቫይረሱ ለያዛቸው እናቶች ደግሞ ምርመራ አለ፤ ነርስዋ የማሕፀኑን በር በተቀጠነ የሆምጣጤ አሲድ ትቀባዋለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፣ ወደ ነቀርሳ መንገድ የጀመሩ ሕዋሳት ካሉ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ እነዚያም በብርድ ወይም በሙቀት እዚያው ሊነሡ ይችላሉ።

ስለዚህ ይህን ምዕራፍ የምታነቢ እኅቴ፣ በቴፒም ሁኚ በሚዛን ተፈሪ፣ ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ለቀማው እስኪያልቅ ወይም ልጁ እስኪያድግ ብለሽ ሳታቆዪው፣ በአቅራቢያሽ ያለውን ጤና ጣቢያ ስለዚህ ምርመራ ጠይቂ፤ ልጅሽም ለክትባቱ በስም ስትጠራ አትከልክያት። አንተም ወንድሜ ይህን ያነበብህ እንደሆነ ለሚስትህና ለእኅትህ ንገር፤ የመንገዱንም ገንዘብ አትንፈጋቸው።